በንግድ ደብዳቤ ውስጥ ቁጥርን በትክክል ስለ መጻፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ስለሚገባው የቁጥር አጻጻፍ እንናገራለን ብንላችሁ፣ «ምነው ሌላ ርእስ ጠፋ?» የሚል ሰው አይታጣም። ርእሱን የመረጥነው ግን ከገዛ ስሕተታችን ስለ ተማርን ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው እናስረዳለን።

ባለፈው ዓመት እኛ የክፍሉ ተማሪዎች ስለ ሥራ ዓለም ምክር እንዲሰጡን አንድ የውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጋበዝን። ደብዳቤው በሰዋስው ረገድ እንከን አልነበረበትም፤ በጽሕፈቱም ኮርተን ነበር። ሰዓቱን ግን «ስሪ ኦክሎክ» ብለን ጻፍን። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት አዳራሹን ጠርገን፣ ወንበር ደርድረን፣ ወላጆቻችንን አስቀምጠን ጠበቅን። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓትም ሆነ፤ ወላጆች አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። እኛም እንግዳውን አምተን ተበተንን። እንግዳው ግን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፉ ደረሱ። ያገኙት ዘበኛውን ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ምንም ሳይቈጡ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩን። ጽሕፈቱ የእኛ፣ ፊርማውም የእኛ ነበር። እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረን ስንቈጥር፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከእኩለ ሌሊትና ከቀትር ጀምረው ይቈጥራሉ፤ ልዩነቱም ስድስት ሰዓት ነው። «9:00 ኤ.ኤም.» ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ባልተመለሰ ነበር።

ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። ሰው ለሰው ሲነጋገር ያልገባውን ይጠይቃል። ደብዳቤ ግን ከጸሐፊው ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል፤ ቢጠየቅም አይመልስም። ስለዚህ በደብዳቤ ላይ ያለ ቁጥር ለአንባቢው አንድ ትርጉም ብቻ የሚሰጥ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ደንቦች ሁሉ የተወለዱት ከዚህ ከአንዱ ሐሳብ ነው።

አንደኛ፤ በፊደልና በአኃዝ ስለ መጻፍ። በብዙ የንግድ እንግሊዝኛ መማሪያዎች ከአንድ እስከ ዐሥር ያለው ቁጥር በፊደል፣ ከዚያ በላይ ያለው በአኃዝ ይጻፋል። ወሰኑን ዘጠኝ ላይ የሚያደርጉም አሉ። ጸሐፊው አንዱን መርጦ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ይጽናበት። ነገር ግን ተመሳሳይ ዕቃዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲቈጠሩ አጻጻፋቸው አንድ ይሁን። «8 ወንበር፣ 15 ጠረጴዛና 120 መጽሐፍ» በሚባልበት ቦታ ስምንትን ብቻ በፊደል መጻፍ የአንባቢውን ዓይን ያደናቅፋል። ገንዘብ፣ በመቶ የሚሰላ ነገር፣ ሚዛንና ልክ ግን ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም በአኃዝ ይጻፋሉ። ደግሞ ዐረፍተ ነገር በአኃዝ አይጀመርም፤ ቁጥሩ በፊደል ይጻፋል፣ ወይም የቃሉ ቅደም ተከተል ይለወጣል። ከ21 እስከ 99 ያሉት ጥምር ቁጥሮች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ፣ እንደ «ትዌንቲ-ዋን» ያሉት፣ በመካከላቸው ጭረት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲውሉ። አንድ ነጋዴ ባለ 50 ኪሎ 20 ጆንያ ስኳር ሊያዝ ፈለገ እንበል። በአማርኛ «ባለ» እና «ኪሎ» የሚሉት ቃላት ቁጥሮቹን ይለያዩልናል። በእንግሊዝኛ ግን የቃሉ አሰካክ ሁለቱን ያጎራብታቸዋል፤ «20 50» ተብሎ ሲጻፍ ጸሐፊው በመካከሉ ያለውን ክፍት ቦታ ከረሳ 2050 ይሆናል። ሃያ ጆንያ ያዘዘ ሰው ሁለት ሺሕ ኀምሳ ጆንያ ቢጫንለት ምን ይውጠዋል? ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ በፊደል ይጻፋል፤ «ትዌንቲ 50-ኪሎ» ሲባል ማንም አይሳሳትም።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮማና ስለ ነጥብ። በእንግሊዝኛ ኮማ ሺሑን ይለያል፤ ነጥብ ክፍልፋዩን ይለያል። ስለዚህ 1,500 ማለት አንድ ሺሕ አምስት መቶ ሲሆን፣ 1.500 ማለት አንድ ተኩል ነው። በጀርመንና በኢጣልያ ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጥቡ ሺሑን፣ ኮማው ክፍልፋዩን ይለያል። ከእነዚያ አገሮች የዋጋ ዝርዝር የመጣለት ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲገለብጥ ይህን ያስተውል። እንዲሁም ግማሽን «.5» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ነጥቧ ብትደበዝዝ ግማሹ አምስት ይሆናልና «0.5» ተብሎ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ስለ ገንዘብ። ዶላር የአሜሪካም፣ የካናዳም፣ የአውስትራልያም ገንዘብ ነው፤ የሦስቱም ምልክት አንድ ነው። ስለዚህ የማን ዶላር እንደ ሆነ ይገለጽ። የእኛም ብር በእንግሊዝኛ እስከ 1976 በፈረንጆች አቆጣጠር ድረስ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር፤ የቆየ ሰነድ የሚያነብ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል። በቼክና በውል ላይ ደግሞ የገንዘቡ ልክ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል። በ1882 የወጣው የእንግሊዝ የሐዋላ ወረቀት ሕግ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚከፈለው በፊደል የተጻፈው ነው ይላል። ይህም ተገቢ ነው፤ በ100 ላይ አንዲት ዜሮ መጨመር ለክፉ ሰው የአንድ አፍታ ሥራ ሲሆን፣ «ሀንድረድ» የሚለውን ቃል «ታውዘንድ» ማድረግ ግን ቀላል አይደለም። የግእዝ አኃዞቻችን ዜሮ የላቸውም፤ ዐሥር ፲፣ መቶ ፻ ተብለው በየራሳቸው ምልክት ይጻፋሉ። በዓለም አቀፉ አኃዝ ስንጽፍ ግን ጠባቂያችን ፊደል ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ቀን። ከሁሉ የሚብሰው አደጋ እዚህ ላይ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ «5/6/2017» ብሎ ቢጽፍ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ማለቱ ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ጁን 5 ቀን 2017 ብሎ ይረዳዋል። አሜሪካዊው ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ሜይ 6 ቀን 2017 ነው ይላል። እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ነው። አንድ ጽሕፈት ሦስት ቀን ሆነ፤ በመካከላቸውም ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ! ብድር የሚከፈልበት ወይም ዕቃ የሚደርስበት ቀን እንዲህ ተጽፎ ቢሆን ሁለቱ ወገኖች በምን ይስማማሉ? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተሰልቶ፣ የወሩ ስም በፊደል፣ ዓመቱም በሙሉ ይጻፍ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል ብላችሁ አስተምራችሁናል። እኛም በዚህ ላይ የምንጨምረው፣ ተሳስቶ የተጻፈም እንደዚሁ ይወረሳል የሚለውን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእኛ አንዳንዶቹ በባንክ፣ በንግድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ እንቀመጣለን። በዚያ የምንጽፈው ቁጥር የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ወይም የአንድ ገበሬ የቡና ዋጋ ይሆናል። ሰውየው እንግሊዝኛ ላያውቅ ይችላል፤ ስሕተታችንን ማየትም ሆነ ማረም አይችልም። ዕዳውን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ስለዚህ የቁጥር ጥንቃቄ የሰውን ሀብት የመጠበቅ አደራ ነው።

ታናናሾቻችን፤ እናንተም ደብዳቤ ጽፋችሁ ከመላካችሁ በፊት ቁጥሮቹን ብቻ ለይታችሁ ሁለተኛ ጊዜ አንብቡ፤ ነገሩን ለማያውቅ ጓደኛም አስነብቡ። እኛ ለዚያ እንግዳ ሁለተኛ ደብዳቤ ስንጽፍ እንዲሁ አደረግን። ቀኑን፣ ወሩንና «9:00 ኤ.ኤም.» የሚለውን አራት ሆነን መረመርነው። በተባለው ጠዋት ገና ወንበር እየደረደርን ሳለን እንግዳችን በበሩ ገቡ።