የኮሌጅ ወጪና የእርዳታ ማመልከቻው



በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ ለኮሌጅ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የክፍያው ብዛት ነው። «እርዳታው ለዜጎች እንጂ ለእኛ አይደለም» ብሎ ማመልከቻውን ሳይሞክር የሚተወውም አይታጣም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት የተቋቋመው እርዳታ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸውም ክፍት ነው። በዲቪ ዕጣ የገባ ቤተሰብም ከእነዚሁ ወገን ነው።

ፋፍሳ የሚባለው ማመልከቻ ያለ ክፍያ ይሞላል። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የገቢው አኃዝ ከግብር መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ስለሚተላለፍ፣ ተማሪውም ወላጁም ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። ወላጁ ፈቃዱን ከነፈገ ልጁ የፌዴራል መንግሥቱን እርዳታ ያጣል። ገቢውን ለልጁ መግለጽ የሚከብደው ወላጅ ግን ሊሠጋ አይገባውም፤ የሚተላለፈው አኃዝ ለልጁ አይታይም።

ማንኛውም መሐንዲስ እንደሚያውቀው፣ የስሌት ውጤት ስሌቱ ከተመሠረተበት አኃዝ የተሻለ ሊሆን አይችልም። ይህ ስሌት የሚመሠረተው ደግሞ ባለፈ ገቢ ላይ ነው፤ ይኸውም ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የታየው የ2023 ገቢ ነው። በ2023 ሁለት ሥራ ይሠራ የነበረ አባት ከዚያ ወዲህ አንዱን ቢያጣ ቀመሩ አያውቀውም። በአገር ቤት ላሉ አረጋውያን ወላጆች በየወሩ የሚላከው ገንዘብም በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለሆነም ሕጉ ለኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ኃላፊ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ የገቢውን መቀነስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከነማስረጃው ሲቀርብለት አኃዙን ሊያስተካክል ይችላል። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ሕግ የፈቀደው መንገድ ነው።

መልሱ ሲደርስም ድምሩን ብቻ ማየት አይበቃም። በ2025–26 ከፍተኛ መጠኑ 7,395 ዶላር የሆነው ፔል ግራንት የማይመለስ ስጦታ ሲሆን፣ ከጎኑ የሚጻፈው ብድር ግን ከነወለዱ ይከፈላል። ብድሩ ከድምሩ ሲወጣ ብዙ የሰጠ የመሰለው ኮሌጅ ከሁሉ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቅጽ ማንበብና አኃዝ ማመዛዘን ለማኅበሩ አባላት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ይህን ችሎታ ለአንድ ጎረቤት ቤተሰብ አንድ ምሽት ማዋስ የአንድን ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ሊያተርፍ ይችላል።