አንድ በአንድ

እኔም እንደናንተ እዚሁ ግቢ ነው የተማርኩት። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ለእረፍት ብመጣ መምህራኖቼ «እስቲ አንድ ነገር ንገራቸው» አሉኝ። ስለ አይስ ሆኪ ላውጋችሁ።

ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስቄ ነበር። በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ትንሽ ጥቁር ጎማ በዱላ እየመቱ ጎል ማግባት ነው። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው።

ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሴንት ፖል ከተማ ላይ ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ለዋንጫ ተጋጠመ። 2 ለ 0 እየመራን የመጨረሻው 20 ደቂቃ ገባ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ቦስተኖች እንደ ጎርፍ መጡብን። በረኛችን ማት ዴቪስ በዚያች 20 ደቂቃ ብቻ 23 ሙከራ አዳነ፤ በጠቅላላው 35። አንድም አልገባበትም! ዴንቨር 10ኛ ዋንጫውን ወሰደ፤ እስከዚያ ቀን ይህን ያህል የወሰደ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም።

ጓደኞቼ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ እኔም ጨፈርኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ሰሞን ሁለት ፈተና ወድቄ ትምህርቴን ላቋርጥ ወስኜ ነበር። ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ በረኛው 35ቱን በአንዴ አላዳነም፤ የመጣውን አንዱን ነው የመለሰው፣ ከዚያ ቀጣዩን። እኔም አንዱን ትምህርት ደግሜ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ከዚያ ሌላውን።

እናንተስ? ሁሉም ባንዴ ሲመጣባችሁ ጎሉን ትታችሁ አትውጡ። ቅድሚያ የመጣውን መልሱ።