የሐይቁ ሒሳብ



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ሐይቅ እንነጋገራለን። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ፣ ለአካባቢው ገበሬ መስኖ፣ ለከብቱም ማጠጫ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግን ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ስፍራ የከብት መሰማሪያ ሆነ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ደናቸው ተመንጥሮ አፈራቸው በጎርፍ እየታጠበ ሐይቁን ሞላው። ለጫትና ለአትክልት ማልሚያ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ተተከሉ። የከተሞቹም ፍጆታ እየጨመረ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ሞተር የተከለው ገበሬ የነዳጁንና የጉልበቱን ወጪ ቀንሶ ያሰላው ሒሳብ ስሕተት አልነበረበትም፤ ቤተሰቡን የሚያሳድርበት ነው። ነገር ግን በማንም መዝገብ ላይ የሐይቁ ዋጋ አልተጻፈም። ዕዳው የመጣው ዘግይቶ ነው። ሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ሐይቅ ታገኘው የነበረውን ውሃ፣ በድሬዳዋ አካባቢ ካለው ከድሬ ጃራ፣ ከከርሰ ምድር ወጥቶ በፓምፕ እየተገፋ ማምጣት ግድ ሆነ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ለዚህ ዳገት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ሐይቁ ያለ ደመወዝ ይሠራው ለነበረው ሥራ የሚከፈል ነው።

ኢኮሎጂካል ኢኮኖሚክስ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑትና በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኸርማን ዴሊ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንድንመልስ ያስተምራሉ። መጀመሪያ፦ ተፈጥሮ ሳትጎዳ ምን ያህል ትሰጣለች? ሁለተኛ፦ ይህ እንዴት በፍትሕ ይከፋፈል? ዋጋና ገበያ የሚመጡት በሦስተኛ ደረጃ ነው። አህያ ላይ የሚጫነውን እህል ግራና ቀኝ አመዛዝነን ብናስተካክለውም ከአቅሟ በላይ ከሆነ ትወድቃለች። የጭነቱ ልክ ከአደላደሉ ይቀድማል።

ይህ ቅደም ተከተል ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ዑለሞቻችን በፊቅህ ኪታቦች ለጉድጓድ «ሐሪም» ወስነዋል፤ በዚያ ክልል ውስጥ የመጀመሪያውን ውሃ የሚጎዳ ሌላ ጉድጓድ አይቆፈርም። ግጦሽ የሚከለልበት የ«ሒማ» ሥርዓትም አለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የሒማውን ጠባቂ ጥቂት ግመልና በግ ያላቸውን ድሆች እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘውታል። ልኩ ተወሰነ፤ ከዚያም ደካማው ቀደመ።

አል-ሐምዱ ሊላህ፣ በ2010ዎቹ ዓ.ም. ውሃው ወደ ሐረማያ ተመልሷል። እንግዲህ ሞተሮቹ እንደ ቀድሞው እንዳይረባረቡበት ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ባለሙያዎች በዓመት የሚገባውንና በትነት የሚጠፋውን ለክተው፣ ሐይቁ ውስጥ መቅረት ያለበትን መጠን ይወስኑ። ከዚያ የሚተርፈው ብቻ ይከፋፈል። ክፍፍሉም መጠጥን ያስቀድም፤ ቀጥሎ ትንሽ ማሳ ያለውን ገበሬ ያስብ እንጂ ጉልበተኛ ሞተር ያለውን አያስቀድም። ተራራው ላይ እርከን የሚሠራውና ችግኝ የሚያሳድገው ሰው ደግሞ ድካሙ በነጻ መቅረት የለበትም፤ ከታች ውሃውን የሚጠጣው ይካፈለው። ኮስታ ሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ትከፍላለች፤ ከገንዘቡም ከፊሉ የሚገኘው ከነዳጅ ግብር ነው።

አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ። ለሐይቅ ዋጋ ማውጣት ለሽያጭ ማቅረብ አይደለም። የከፈለ ሁሉ ያድርቀው ማለትም አይደለም። ዋጋው የሚወጣው በምክክር ሸንጎ ላይ ሐይቁ እንደ ምንም እንዳይቆጠር ነው። የሐረማያ ልጆች አንድ ጊዜ ደርቆ ያዩትን ሐይቅ ዳግም አግኝተዋል፤ ልኩን የመወሰኛው ጊዜ ውሃው ሳለ ነው።

ወላሁ አዕለም።