ክኒኑን ማን ይቀንሰው?

ሴት፦ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ለድብርትና ለጭንቀት መድኃኒት የሚመላለስ ሰው «ድኛለሁ፤ እስከ መቼ ልዋጥ?» ቢል አይፈረድበትም። እንቅልፉ ተመልሷል፤ ገበያ ውሎ ይገባል።

ወንድ፦ ጥያቄውማ ደግ ነው፣ እታለም። የሚያስፈራኝ መልሱን ብቻውን ሲሰጥ ነው። አሚትሪፕቲሊን ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢተው ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣበት ይችላል። ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የዋጠማ እስከ መንፈራገጥ ሊደርስ ይችላል።

ሴት፦ ፍሉኦክሰቲንስ?

ወንድ፦ እሱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ካቆመ በኋላ ሳምንት ደህና የከረመ ሰው «ተገላገልኩ» ብሎ ይታለላል።

ሴት፦ ጸበል ሲገቡ የሚተዉትስ? እዚህ ላይ ዝም ማለት አልወድም። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ አበረታተው ነበር። ያው ምክር ለጭንቀት ክኒን ለምን አይሠራም?

ወንድ፦ ይሠራል እንጂ! ሐኪሙም «ዝም ብለህ ዋጥ» ብሎ አይሸኝ። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉትን ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር እየወሰዱ መቆየት፣ ሕመሙ ለተመላለሰበት ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ከዚያ በሐኪም ክትትል ጥቂት በጥቂት መቀነስ። አጨዳና ሐዘን የተደራረቡበት ወር ግን ይለፍ።

ሴት፦ ሲቀንስ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣበትስ?

ወንድ፦ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሰው ይዞት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም።