ሜዳ ያልነበረው ባለ ዋንጫ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ የእግር ኳስ ክለብ እንድንናገር ስንጋበዝ፥ «የዱብሉቅ ልጆች ስለ ከብትና ስለ ውሃ እንጂ ስለ ኳስ ምን ያውቃሉ?» ያላችሁ አትጠፉም። አልተሳሳታችሁም። እኛም ዛሬ የምንናገረው ከውሃው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመን ነው።

የምናነሣው የጎንደሩን ፋሲል ከነማ ሲሆን፥ ዘመኑም 2013 ዓ.ም. ነው። ፋሲል በ2011 ዓ.ም. እስከ መጨረሻው ዕለት ከተናነቀ በኋላ ዋንጫውን ለመቐለ 70 እንደርታ ለቀቀ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ያለ አሸናፊ ተቋረጠ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሊጉ እንደገና ሲከፈት ደግሞ፥ በሽታውን ለመከላከል ሲባል ክለቦች በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፥ በጅማ፥ በባሕር ዳር፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ። ጎንደር ከአምስቱ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። ስለዚህ ፋሲል በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው፥ በገዛ ሜዳው አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። እንዲህ ያለ ጎል አግቢ የነበረው ቡና ሆኖ ሳለ ዋንጫው ግን ወደ ፋሲል ሄደ። አሠልጣኙ ሥዩም ከበደ የያዙት ቡድን እንደ ሙጂብ ቃሲም ያለ አጥቂ ቢኖረውም፥ ያሸነፈው ሁሉም በየቦታው ስለ ቆመ ነው።

ይህን እኛ ከቱላ ጉድጓዶች እናውቀዋለን። ዱብሉቅ ዘጠኙ የቦረና ቱላዎች ከሚገኙባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። ውሃው ጥልቅ ስለሆነ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፥ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢለግም፥ የሌላው ጉልበት የቱንም ያህል ቢበረታ ከብቱ አይጠጣም። ተራውንም አባ ሄሬጋ ይጠብቃል፤ ጉልበተኛ ነኝ ብሎ ተራ የሚያፈርስ የለም።

ነገር ግን ስናጨበጭብ ባዶውን ቦታም እንቁጠር። በ2013 ዓ.ም. የተወዳደሩት 13 ክለቦች ብቻ ነበሩ። መቐለ 70 እንደርታ፥ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሳይገኙ ቀሩ። ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። የፋሲልን ድል ይህ አያሳንሰውም፤ የእኛን ደስታ ግን ጎደሎ ያደርገዋል።

ሁለተኛም ባዶ ቦታ አለ። ያ የኳስ ዘመን ሲከፈት በቦረና የሐገያ ዝናብ ከድቶን ነበር። ዘመኑ ሲዘጋ ገናውም ከዳን። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ወደ ዱብሉቅ መጥተው በላስቲክ መጠለያ ሰፈሩ። ክለቡ ከከተማ ወደ ከተማ የዞረው ደመወዝ እየተከፈለውና ዋንጫ እያየ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን ቤታቸውን የለቀቁት ምንም ሳይዙ ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው አንልም። አንድ ነገር ግን አየን፤ ከመጠለያው አጠገብ ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው ኳስ ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ወገንም መርጠው ነበር፤ ተራም ይጠብቁ ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ! ኳስ ውሃን አይተካም፤ ይህን ለዱብሉቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሆኖም ሜዳ የሌለው ቡድን ባለ ዋንጫ መሆን ከቻለ፥ ሜዳ የሌላት ከተማ ቡድን እንዳታቋቁም ምን ይከለክላታል? ስለዚህ ማኅበራችን በመጪው ክረምት ጥቂት ኳሶች አሰባስቦ እንዲሰጠን እንለምናለን። ድንጋይ ለቅመን ሜዳውን የምናስተካክለው እኛ ነን። ተራ መጠበቅንና መቀባበልን ግን ማንም እንዲያስተምረን አንጠይቅም፤ እሱን ከጉድጓዱ ተምረነዋል።