ያልተነገረ ጥገኝነት፦ ኮምፓይል ለሚደረግ ዊኪ ፕለጊን ስለመጻፍ



ዊኪ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዊኪፔዲያ ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ እንደ እኅቶቹ ሁሉ የሚሠራው በፒኤችፒ በተጻፈው ሜዲያዊኪ ነው፤ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ሰርቨሩ ከዚያ አውጥቶና አሰናድቶ ያቀርብለታል። የተሰናዳውን ገጽ ለጊዜው እያስቀመጠ ድካሙን የሚቀንስበት ዘዴ ቢኖረውም፣ በመሠረቱ ገጹ የሚሠራው በተጠየቀ ጊዜ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው በተቃራኒው መንገድ ስለሚሄድ ዊኪና ለእሱ ፕለጊን ስለመጻፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጆይ ሄስ የተባለ፣ በዴቢያን ሊኑክስ ሥራው ስሙ የታወቀ ፕሮግራመር፣ ኢኪዊኪን በፐርል መጻፍ ጀመረ። ሶፍትዌሩ ራሱን የሚገልጸው «የዊኪ ኮምፓይለር» ብሎ ነው። ገጾቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በማርክዳውን ይጻፋሉ፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚመዘግበው ጊት ወይም መሰሉ ነው። አንድ ሰው ገጽ ሲያስተካክል ኮምፓይለሩ ይነሣና የተነካውን ገጽ ኤችቲኤምኤል አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ አንባቢ ሲመጣ ሰርቨሩ ፋይሉን ከማቀበል ሌላ ሥራ የለበትም። ማታ ታትሞ ጠዋት እንደሚሸጥ ጋዜጣ መሆኑ ነው፤ ገዢው ሲመጣ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል።

የፕለጊኑ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፕለጊናችሁ የሚሠራው ገጹ ሲሰናዳ ስለሆነ አንባቢው ማን እንደሆነም፣ ገጹ መቼ እንደሚነበብም አያውቅም።

ኢኪዊኪ ራሱ በአብዛኛው የፕለጊኖች ስብስብ ነው። ማርክዳውንን የሚተረጉመው ፕለጊን ነው፤ ገጽን ከገጽ የሚያገናኘውም፣ ከጊት ጋር የሚነጋገረውም ፕለጊን ነው። አዲስ መጻፍ ማለት አንዲት የፐርል ፋይል ማዘጋጀት ነው፤ ፋይሏ ስትጫን «እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርስ ይህን ፈንክሽን ጥራልኝ» ብላ ትመዘገባለች። ምዝገባው ሁክ ይባላል። በመጀመሪያ የትኞቹ ገጾች መሠራት እንዳለባቸው ይለያል፤ እነሱ ይቃኛሉ፤ ከዚያ ጥሬው ጽሑፍ ይጣራል፣ በድርብ ቅንፍ የተጻፉ ትእዛዞች ይፈጸማሉ፣ ሊንኮች ይበጃሉ፣ ማርክዳውኑ ኤችቲኤምኤል ይሆናል፣ አደገኛ ነገር ይጸዳል፣ በመጨረሻም ገጹ ቴምፕሌቱ ውስጥ ይገባል። በየደረጃው ሁክ አለ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በየገጹ ግርጌ ገጹ መጨረሻ የተስተካከለበት ቀን ይጻፋል፤ እኛ ይህን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንፈልገዋለን እንበል። ኢኪዊኪ ቀን የሚጽፍበትን ፈንክሽን በራሳችሁ ፈንክሽን እንድትተኩ ይፈቅዳል፤ የውስጥ አሠራሩ ከተለወጠ ፕለጊናችሁ ሊሰበር እንደሚችልም መመሪያው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ለፈንክሽናችሁ የሚሰጠው አንድ ረጅም ቁጥር ነው፦ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪኒች እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፉት ሰከንዶች። በእኛ ሲሰላ ቅጽበቱ በ1962 ዓ.ም. ለታኅሣሥ 23 አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከግሪኒች የምንቀድምበትን ሦስት ሰዓት ትደምራላችሁ፣ ለ86,400 አካፍላችሁ ቀን ታደርጉታላችሁ፣ የቀረው የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በቃሉ የሚወጣው ሒሳብ ነው፦ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው 12 ወራት፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6። አራት ዓመት ሁልጊዜ 1,461 ቀን ነው፤ እንደ ግሪጎርያኑ አንዳንድ መቶኛ ዓመት ላይ የሚዘለል ቀን ስለሌለ ኮዱ አጭር ይሆናል። ፕሮግራመር የሚያማርርበት የቀን መቁጠሪያ ብዙ ነው፤ የእኛው ግን ምስጋና ይገባዋል።

እስከዚህ ሰላም ነው። ገጹ ካልተነካ የተስተካከለበት ቀን አይለወጥም፤ አንዴ ቢጻፍ ይበቃል። ጉዱ የሚፈላው አንድ ተጠቃሚ «የዛሬውንም ቀን ጻፉልን» ሲል ነው። ፕለጊኑ ይጽፈዋል፤ ነገም፣ ከሳምንት በኋላም ያው ቀን «ዛሬ» እየተባለ ይነበባል። ኢኪዊኪ ውስጥ ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው «ከሁለት ቀን በፊት» የሚል ዓይነት ቀን የሚያሳየው ፕለጊን የመረጠው ነው፤ ስሌቱን በጃቫስክሪፕት ለአንባቢው ብራውዘር ይተወዋል። ሁለተኛው የካሌንደሩ ፕለጊን መንገድ ነው፤ ገጹ የሚያረጅበትን ቀጣይ ጊዜ በገጹ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ኮምፓይለሩ ሲነሣ መዝገቡን አይቶ ጊዜው ካለፈ «ይህ ይሠራ» ይላል። ኮምፓይለሩን ግን አንድ ሰው መቀስቀስ አለበት፤ ስለዚህ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን ሌሊት ሌሊት ይጠራል።

ሁለተኛው ችግር ረቂቅ ነው፤ ብዙ ፕለጊን የሚወድቀውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ምግብ» በሚል ርእስ ሥር ያሉትን ገጾች ቆጥሮ የሚያሳይ ትእዛዝ ጻፋችሁ። ሞከራችሁት፤ 12 አለ፤ ልክ ነው። በማግሥቱ ስለ ክትፎ አዲስ ገጽ ተጨመረ። ኮምፓይለሩ የክትፎውን ገጽ ሠራ፤ ቁጥሩ ያለበትን ገጽ ግን ማንም አልነካውምና አለፈው። ገጹ አሁንም 12 ይላል። የስሕተት መልእክት የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም፤ ውሸቱ እንደ እውነት ተሰድሮ ተቀምጧል። ፕለጊኑ ማድረግ የነበረበት «ይህ ገጽ በምግብ ሥር ባሉት ገጾች ላይ ጥገኛ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ነበር። ለዚህ አንዲት መስመር ትበቃለች፤ የትኞቹን ገጾች ማለት እንደተፈለገ የሚገለጽባት ትንሽ የመምረጫ ቋንቋም አለች።

አስመዝግቡ ሲባል ደግሞ ሁሉን የሚያስመዘግብ አለ። «በሁሉም ገጽ ላይ ጥገኛ ነኝ» የሚል ፕለጊን አይዋሽም፤ ነገር ግን አንድ ሰው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ባረመ ቁጥር የቆጠራው ገጽ እንደገና ይሠራል፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መቶ ገጽ ላይ ካለ መቶውም ይሠራሉ። ስለዚህ ኢኪዊኪ ጥገኝነትን በዓይነት ይለያል። ለቆጠራ የሚያስፈልገው የገጹ መኖር አለመኖር ብቻ ነው፤ ይዘቱ ቢለወጥ ምን አገባው? የሰነፍ ፕለጊን ምልክቱ ይህን ልዩነት አለመጠቀሙ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የቅደም ተከተል ነገር አለ። ፕለጊናችሁ ለገጹ ርእስ፣ መለያ ወይም ሊንክ የሚጨምር ከሆነ ገጹ እስኪሠራ መጠበቅ አይችልም፤ ሌላ ገጽ ቀድሞ ተሠርቶ ያንን መረጃ ሊፈልገው ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙ በቅኝቱ ጊዜም እንዲጠራ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ፋይል የሚያወጣ ፕለጊን፣ ለምሳሌ ሥዕል የሚያሳንስ፣ ፋይሉን ከመጻፉ በፊት «ይህ ፋይል የዚህ ገጽ ነው» ማለት አለበት። ካላለ ገጹ ሲሰረዝ ሥዕሉ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ከዚያም የከፋ አለ፤ ዊኪ ማንም የሚጽፍበት ከሆነ ተንኮለኛ ሰው ፕለጊናችሁን ተጠቅሞ የሌላ ገጽ ፋይል ላይ ሊያስጽፍ ይችላል። የጽዳቱንም ደረጃ ልብ በሉ፦ ገጹ ሙሉ ኤችቲኤምኤል ከሆነ በኋላ በሚጠራው በመጨረሻው ሁክ የምታስገቡት ነገር በጽዳቱ አያልፍም። ጃቫስክሪፕት ለማስገባት ይመቻል፤ ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ግን እዚያ መግባት የለበትም።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። «ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። በኢኪዊኪ የራሱ ማንበቢያ ያነበባችሁት ጽሑፍ ፊደል ሆኖ ይደርሳችኋል፤ በራሳችሁ መንገድ ያነበባችሁት ባይት ሆኖ ይመጣና «መጀመሪያዎቹን ሠላሳ ፊደል አሳይ» የሚለው ኮድ ፊደል መሐል ይቆርጣል። ፊደሎቻችን በገጽ ስም ውስጥ እንዳሉ ይቆያሉ፤ አራት ነጥብ ግን በነባሪው አቀማመጥ ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ በፋይሉ ስም ላይ በግርጌ ሰረዞች (_) መካከል 4962 ሆኖ ይወጣል። ማንም ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ዊኪው ተበላሸ እንዳይል።

ፐርል የማይወድ ቢኖር፣ ኢኪዊኪ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕለጊንን በኤክስኤምኤል-አርፒሲ ያነጋግራል፤ በፓይተን የተጻፈ አብሮት ይመጣል።

ሙከራን በሚመለከት እኔ የምመክረው አንድ ነው። የዊኪውን ቅጂ ወስዳችሁ ገጽ ጨምሩ፣ ሌላ ሰርዙ፣ የአንዱን ስም ለውጡ፤ ከዚያ ኮምፓይለሩ የተነካውን ብቻ እንዲያድስ አድርጉና ውጤቱን ለብቻ አስቀምጡ። ቀጥሎ ዊኪውን በሙሉ ከባዶ አሠሩት። ሁለቱን ፎልደሮች በዲፍ አወዳድሩ። የተለያየ ገጽ ካገኛችሁ ያ ገጽ ላይ የሚሠራው ፕለጊናችሁ ያላስመዘገበው ጥገኝነት አለ፤ የትኛው እንደሆነም ዲፉ ያሳየው መስመር ይነግራችኋል።