ባለጉዳዩን በቋንቋው ማድመጥ፦ የማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ሊሠራ የሚነሣ ተማሪ፣ በማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲቀበል ምን ማድረግ መቻል አለበት?

ለመልሱ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የዘመናዊው ማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ትምህርት ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቶ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጅማሬውም በማስተርስ ዲግሪ ነበር። የዶክትሬት መርሐ ግብርም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። መምህራንን ቀድሞ ማዘጋጀት ተገቢ ስለ ነበር ይህን አካሄድ አልነቅፈውም። ነገር ግን በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆን ክፍተት ተፈጥሯል። በዚያ ዘመን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ገብቶ፣ ከሕዝቡ ጋር ሠርቶ፣ ልምዱን ለተተኪው ሊያወርስ ይችል የነበረው ትውልድ ሳይሠለጥን ቀረ። የዛሬ ተማሪዎቻችን በመስክ የሚመራቸው ሙያውን የተማረ አንጋፋ ባለሙያ ሲያጡ፣ የጎደላቸው ይኸው ትውልድ ነው።

ይህ ክፍተት በከተሞቻችን እንዴት እንደሚታይ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ታሪኩ የማንም የተለየ ሰው አይደለም፤ ለውይይት ያበጀሁት ነው። ከጀልዱ ደጋ ያለች የ14 ዓመት ልጅ ትምህርቷን እንድትቀጥል ጊንጪ ወደሚኖሩ ዘመዶቿ ተላከች እንበል። ቀኑን ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ሕፃን ስታዝል ትውላለች። ከወራት በኋላ ከትምህርት ገበታዋ ትቀራለች። ለመስክ ልምምድ የተመደበ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጉዳዩን ከትምህርት ቤቱ ይሰማል። ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የሚመጣለት መጽሐፉ ነው። ምዘና፣ ዕቅድ፣ ጣልቃ ገብነት፣ ግምገማ፤ ቅደም ተከተሉን በእንግሊዝኛ በቃሉ ያውቀዋል። ሕጉንም ያውቃል፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ሕፃኑ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። ልጅቱ ግን የምታስበውም የምታለቅሰውም በአፋን ኦሮሞ ነው። «በቤቱ ምን ይሰማሻል?» የሚለው ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲሻገር በመንገድ ላይ ይደርቃል። አስተርጓሚ ይሁን ቢባል፣ በትንሽ ከተማ አስተርጓሚው የአክስቷ ጎረቤት ወይም የአንድ ዕድር አባል ሊሆን ይችላል። ምሥጢር መጠበቅን የሙያው ሥነ ምግባር እንደሚያዝዝ ተማሪው ተምሯል። ሆኖም «ኢጪቲ» የሚለው የአፋን ኦሮሞ ቃል በዚያች ከተማ ማንን እንደሚያስርና ማንን እንደማያስር ካላወቀ፣ ትምህርቱ ልጅቱን አይጠብቃትም።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች አሉ። የኦሮሞ ሕዝብ የእርቅ ሥርዓት፣ ጃርሱማ፣ ፍርድ ቤት የማይደርስባቸውን ጠቦች ያበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት፣ የሴቶችን ክብር የሚያስጠብቀው ሲንቄ፣ ባዕድ ልጅን የቤት ልጅ የሚያደርገው ጉዲፈቻ፣ ቤተሰብ ሲያዝን የሚደርሰው ዕድር፣ እነዚህ ሁሉ ከእኛ ዲፓርትመንቶች በፊት የነበሩ ማኅበራዊ ሥራዎች ናቸው። እነርሱን አልፎ ቢሮ ብቻ የሚያንኳኳ ተማሪ አንድ እጁን አስሮ ይሠራል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እርቅ የሚፈልገው የሁለት ቤተሰብ ሰላም ነው። ሰላሙ የወረደው ልጅቱ ወደዚያው ሥራ እንድትመለስ ከሆነ፣ ተስማሙ የተባሉት ወገኖች ዝርዝር ውስጥ የእርሷ ስም የለም። የሙያው ድርሻ በዚህ ቦታ ይጀምራል። ተማሪው ሽማግሌዎቹን ሳያዋርድ፣ ልጅቱን ለብቻዋ የምትደመጥበት ጊዜ እንዲሰጡ መጠየቅ መቻል አለበት። ጉዳት ደርሶባት ከሆነም ጉዳዩ በእርቅ እንደማያልቅ፣ ወደ ሕግ መሄድ እንዳለበት በአክብሮትና በጽናት መናገር ይኖርበታል። አክብሮትና ጽናትን አንድ ላይ መያዝ በንባብ ብቻ አይገኝም።

ስለዚህ የመስክ ልምምድ የዚህ ዲግሪ ልብ ነው እላለሁ። የአሜሪካ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የመስክ ትምህርትን የሙያው መለያ የማስተማሪያ ዘዴ ብሎ ሰይሞታል፤ እኛም ብንሆን ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ስጋቴ ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በስፋት ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና ዲግሪ ለማግኘት ግዴታ ሆኗል። ፈተናው ጠቃሚ ነው፤ የጥራት ጥያቄን በይፋ አንሥቷል። ነገር ግን ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች የሚለኩት በወረቀት የሚለካውን ነው። ተማሪውም መምህሩም ጊዜያቸውን ወደሚለካው ነገር ያዞራሉ። የመስክ ሳምንታት ለክለሳ ሲሰጡ፣ ፈተናውን ያለፈ፣ ልጅቱን ግን ማናገር የማይችል ባለሙያ እናስመርቃለን።

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የመስክ ልምምድ የራሱ ውጤት ያለው፣ ሳይሟላ የማይታለፍ መስፈርት ይሁን፤ ለክለሳ ተብሎ አይሸራረፍ። ሁለተኛ፣ ተማሪው የመስክ ማስታወሻውን ባለጉዳዩ በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ትርጉሙና ትንታኔው ከዚያ በኋላ ይምጣ። አፋን ኦሮሞ የማይችል ተማሪም ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት የመግባቢያ ትምህርት ያግኝ፤ ከቋንቋው ተናጋሪ ጓደኛው ጋርም ይመደብ። ሦስተኛ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ የሚገኙ የዕድር ዳኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች ለተማሪዎቻችን የመስክ መምህራን ሆነው ይታወቁ፤ እኛም ስለ ሕፃናት መብትና ስለ ምሥጢር አጠባበቅ ሥልጠና እንስጣቸው። የጎደለን ትውልድ በአንድ ጀምበር አይተካም፤ በየከተማው ያለውን ልምድ ከሙያው ጋር በማጋባት ግን መጀመር ይቻላል።

ወጪውን የሚያነሡ ይኖራሉ። የመጓጓዣ አበል፣ የመምህራን ቁጥር፣ አንዳንድ ጊዜም የመንገድ ጸጥታ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው። ለዚህ ነው ልምምዱ ተማሪው በእግሩ በሚደርስባቸው የአምቦ ቀበሌዎች ቢጀመር የምለው። ትምህርት ያቋረጡ ልጆች፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከግቢያችን አጥር ብዙም አይርቁም።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ዲግሪ ስትይዙ ማኅበረሰቡ የሚጠይቃችሁ ስንት ንድፈ ሐሳብ እንደምታውቁ አይሆንም። አንዲት ልጅ ለሌላ ሰው ያልነገረችውን ለእናንተ ብትነግራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምታደርጉትን ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። የጥናት ዓመታቱ ለዚያ መልስ መዘጋጃ ይሁኑ።

ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን፣ በተለይም የሽማግሌዎቻችንን አስተያየት፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።